የጎፈር ብልቃጥ

ሐኪሞቹ የይገዙን ስኳር ሦስት ጊዜ ከፍ አደረጉት፤ ሦስት ጊዜም ወረደ። ሰኞ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ፣ ከአንድ ጂምና ከአንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ፊት ለፊት በሚገኝ ፓርኪንግ፣ ቫኑ ውስጥ መሪው ላይ ተደፍቶ ያገኘችው ሴት መጀመሪያ የተኛ ሾፌር መስሏት ነበር። መስታወቱን ብትደበድብ መልስ አጣች። አምቡላንስ ደርሶ ጣቱን ወግተው ሲያዩ የደሙ ስኳር ሃያ አራት ነበር፤ ጤነኛ ሰው ከሰባ ብዙም አይወርድም። ግሉኮስ ሲሰጡት ይሻለዋል፣ ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ይዘቅጣል። ይገዙ ደግሞ የስኳር በሽታ የለበትም። ረቡዕ ጠዋት የደም ምርመራው መልስ መጣ። ደሙ ውስጥ ግላይቡራይድ ተገኘ፤ የስኳር ሕመምተኞች የሚውጡት፣ ስኳር የሚያወርድ ክኒን ነው።

ፋይሉ በዚያው ጠዋት የእኔ ጠረጴዛ ላይ ወደቀ። እንግዳወርቅ እባላለሁ፤ የካውንቲው ፖሊስ መርማሪ ነኝ። አለቃዬ የሐበሻ ስም ያለበት ፋይል ሁሉ የእኔ ነው ብሎ ያምናል፤ አሥራ አንድ ዓመት ተከራክሬ አላሸነፍኩትም።

«ሰውየው የሌለበትን በሽታ መድኃኒት ውጧል» አለኝ። «ሚስቱ ደግሞ ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። ዐርብ ዐቃቤ ሕጉ ዘንድ እቀርባለሁ። እስከዚያ ሌላ ነገር ካላመጣህልኝ የምንይዘው እሷን ነው።»

ብሩክታይትን ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ አገኘኋት። ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። የፋርማሲ ካፖርቷን ከሰኞ ጀምሮ ያወለቀችው አይመስልም። የባሏ ክፍል በር ላይ አንድ ፖሊስ ቆሟል፤ እንዳትገባ የከለከላት እሱ ነው።

«እጁን ልያዘው ብቻ» አለችኝ። «ፖሊሱ አጠገቤ ይቁምና ይየኝ።»

«ለጊዜው ነው፣ ወይዘሮ ብሩክታይት። ግላይቡራይድ ያውቃሉ?»

«እንጀራዬ ነው። በቀን ስንት ጊዜ እቆጥረዋለሁ።»

«ከሁለት ሳምንት በፊት መቶ ሰማንያ ፍሬ አውጥተዋል።»

«በአማቴ ስም። አምና እኛ ጋ ነበሩ፤ ሐኪማቸው ደጋግሞ የሚወጣ ሪፊል ጽፎላቸዋል። አዲስ አበባ ከተመለሱ ወዲህ እኔ አወጣለሁ፣ የይገዙ እህት እትዬ ልሳነ ይልኩላቸዋል።»

«ቫኑን ከፓርኪንግ ማን ወሰደው?»

«እኔ። ቶው አድርገው ጎትተው እንዳይወስዱት ብዬ፣ ማታውኑ ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ሄጄ አመጣሁት።»

«ውስጡ ምን ነበር?»

«ምሳው። ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚጾመው፤ ምስርና ጎመን ቋጥሬለት ነበር። ክዳኑን እንኳ አልከፈተውም። ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ፣ ሲነቃ ይርበዋል ብዬ…»

ቀጥ ብላ ስለመለሰችልኝ ወደድኳት። ነገር ግን እያንዳንዱ መልሷ ገመዱን ወደ ራሷ አንገት ያስጠጋል። መድኃኒቱን ያወጣች እሷ፣ ቫኑን ያነሳች እሷ፣ ምሳውን የቋጠረች እሷ ናት። ምግቡ ላቦራቶሪ ሄዶ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ፣ አለቃዬ «ለመቀየር ሁለት ቀን ነበራት» እንደሚል ከአሁኑ ይሰማኛል።

ከዚያ ወደ ፔትዎርዝ ነዳሁ። ልሳነወርቅ ሃምሳ ሰባት ዓመታቸው ነው፤ ቤታቸው ውስጥ ሕፃናት ይጠብቃሉ። አንዱን ሕፃን ታቅፈው እያባበሉ ነው የተቀበሉኝ።

«ወንድሜን የገደለችው እሷ ናት» አሉኝ፣ ገና ሳልቀመጥ።

«እትዬ ልሳነ፣ አልሞተም እኮ።»

«እስኪሞት ልጠብቅልህ?»

«መድኃኒቱን ለእርስዎ እንደሰጠች ትናገራለች።»

«ሰጥታኛለች። መቶ ሰማንያውን አንድ በአንድ በእጄ ቆጥሬ ነው ያሸግኩት። ባለፈው ረቡዕ ንጉሴ ይዞት ሄደ፤ እሱም ሾፌር ነው፣ የይገዙ ጓደኛ። ደለስ ኤርፖርት ያደረሰውም ይገዙ ራሱ ነው። እናቴም ዐርብ ደውላ ደርሶኛል ብላኛለች። እንግዲህ የእናቴ መድኃኒት አዲስ አበባ ካለ፣ ወንድሜ ሆድ ውስጥ የገባው ከየት መጣ? ከፋርማሲዋ ነዋ!»

«ለምን ትመርዘዋለች?»

ይህን ሲሰሙ ቁጣቸው ከዳቸው። «እኔ ምን ዐውቄ፣ አንተ ልጅ። አባታችን ሲሞት አራት ዓመቱ ነበር። አዝዬ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ሌላ ምን ላስብ?»

ሕፃኑ አለቀሰ፣ እሳቸውም አለቀሱ። እኔ ከሁለቱም አምልጬ ወጣሁ። አነጋገራቸው ቢመርም ሒሳቡ ልክ ነበር፤ ክኒኖቹ በሰላም ከደረሱ ሚስቲቱን የሚያድናት የለም።

ሆስፒታል ስመለስ ነርሷ የይገዙን ልብስ በከረጢት ሰጠችኝ። ሸሚዙ ኪስ ውስጥ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት ነበር። ከእኔ በፊት ዕቃውን የመዘገበው ፖሊስ «የውጭ አገር ጽሑፍ» ብሎ አልፎታል። ጽሑፉ ጥንቅቅ ያለ አማርኛ ነው። ከላይ «ጎፈር፦ በቀን 4፣ ከስፖርት በፊት» ይላል፤ ከሥሩ የንጥረ ነገሮች ስምና መጠን ተደርድሯል።

ወረቀቱን ይዤ ሐሴት ዘንድ ገባሁ። የሆስፒታሉ የመርዝ ጉዳይ ፋርማሲስት ናት። ፌርፋክስ ነው ያደገችው፤ አማርኛ ትናገራለች፣ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ግን አይሆንላትም።

«ጎፈር አውቃለሁ» አለችኝ። «ቴስቶስትሮን ሳፖርት ነው፤ የወንድ ሆርሞን ይጨምራል የሚባል። አሌክሳንድሪያ ያለ የሐበሻ ስቶር ነው የሚሸጠው። ሊስቱን አንብብልኝ።»

«ዚንክ ሠላሳ ሚሊግራም።»

«ፋይን። ዚንክ የጎደለውን ይረዳል፣ ያልጎደለውን ምንም አያደርገውም። ከአርባ በላይ በየቀኑ ቢሆን ነበር የምጨቃጨቀው።»

«አጠገቡ ‹ማዕድን ነው፣ የጾም ነው› ይላል።»

«ዋት?»

«ጾም ላይ ነን እኮ። እያንዳንዱ ከእንስሳ የመጣ እንዳይሆን እያጣራ ነው። ቫይታሚን ዲ ሦስት ሺህ ዩኒት፦ ‹ከበግ ጠጉር ይሠራል ይላሉ፣ የንስሐ አባቴን ልጠይቅ።›»

ሐሴት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ኦ ማይ ጋድ፣ እወደዋለሁ። ዲውም ለጎደለው ነው። ቀጥል።»

«አሽዋጋንዳ ሦስት መቶ ሚሊግራም።»

«የሕንድ መድኃኒት ሥር ነው፤ ብዙዎቹ ጥናቶች ላይ ስድስት መቶ ነው። ግማሽ ዶዝ።»

«ዲ አስፓርቲክ አሲድ አምስት መቶ።»

«ይሄ ለጌጥ ነው። የሞከሩት ሦስት ግራም ነው፤ እሱም አንዱ ጋ ሠራ፣ አንዱ ጋ አልሠራም። ብልቃጡ ሌብል ላይ ስሙ እንዲታይ ነው ያስገቡት።»

«ቦሮን ስድስት።»

«ትንንሽ ጥናቶች ብቻ። አይጎዳውም።»

«አብሽ ስድስት መቶ። ‹የቤታችን ነው› ይላል።»

ሳቋን አቆመች። «ዶዙ ደህና ነው። ግን አብሽ ስኳር ያወርዳል።»

ከወንበሬ ተነሣሁ። «ሃያ አራት ያደርሰዋል?»

«ኖ ዌይ። ትንሽ ነው የሚቀንሰው። ደግሞ ደሙ ውስጥ ያገኘነው አብሽ ሳይሆን ግላይቡራይድ ነው። አንድ ነገር ግን ልንገርህ፤ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ውስጥ አንዳንዴ ሌብል ላይ የሌለ መድኃኒት ተደባልቆ ይገኛል። ግላይቡራይድ የተገኘበትም ጊዜ አለ። ሻጩን እየው።»

የመጨረሻው መስመር ‹ጄላቲን፦ ከአጥንት ይሠራል። ከፍቼ ዐየሁት፤ ክኒኑ ነጭና ደረቅ ነው፣ ልባስ የለውም። የጾም ነው› ይል ነበር። አነበብኩላት፣ ፈገግ አልን፣ አልፈነው ሄድን። ዛሬም ሳስታውሰው ያናድደኛል።

«ሲጠቃለልስ?» አልኳት።

«ግማሹ ዶዙ ያነሰ፣ ግማሹ ለጎደለው ብቻ የሚሆን። ማንንም አይገድልም፣ ማንንም ጎረምሳ አያደርግም።»

የጎፈሩ ብልቃጥ ግን የለም። ቫኑን ሁለት ጊዜ ፈተሽኩ፤ ቤቱንም ብሩክታይት ራሷ ከፍታ አስፈተሸችን። ስለ ጎፈር ስጠይቃት ግራ ገባት፤ ባሏ እንዲህ ያለ ነገር እንደሚወስድ ሰምታ አታውቅም። አለቃዬ ይህን ስነግረው «መልካም፣ ብልቃጡንም እሷ ጥላዋለች» አለ። ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

ሐሙስ ጠዋት አሌክሳንድሪያ ገባሁ። ኖህ የሱቁ ባለቤት ነው፤ ክንዱ ከእኔ ጭን ይወፍራል። መታወቂያዬን ሲያይ ግን ላብ አጠመቀው።

«ወንድሜ፣ የኔ ዕቃ ሰው አይጎዳም! እያንዳንዱ ዙር ላቦራቶሪ ገብቶ ነው የሚወጣው። ወረቀቱ ይኸውልህ።»

«ወረቀቱን አያለሁ። አንድ ብልቃጥ ክፈትልኝ።»

የጎፈር ብልቃጥ የአንበሳ ጎፈር የተሣለበት ወፍራም ፕላስቲክ ነው። ክዳኑ ሲከፈት ሱቁ አብሽ አብሽ ሸተተ። መዳፌ ላይ አራት ቡናማ ካፕሱሎች ዘረገፈልኝ፤ እያንዳንዳቸው የጣቴን ጫፍ ያህላሉ።

«ክኒኑስ?» አልኩት።

«የቱ ክኒን?»

«ነጩ፣ ደረቁ።»

«ጎፈር ክኒን ሆኖ አያውቅም። ሁሌም ካፕሱል ነው። ለዚህ እኮ ነው ጄላቲን የሚለው፤ በጾም ስንቱ ደንበኛ ይነዘንዘኛል መሰለህ።»

የይገዙ ወረቀት የመጨረሻ መስመር ዓይኔ ላይ መጣ። ሰውየው ያነበበው የጎፈርን ሌብል ነው፤ የዋጠው ግን ጎፈርን አይደለም። በሌላ ክኒን የተሞላ የጎፈር ብልቃጥ እጁ ገብቷል። ደስታዬ ግን አልቆየም፤ የሞላችው ፋርማሲ የምትሠራው ሚስቱ ልትሆን ትችላለችና።

«ይገዙ የሚባል ሾፌር ገዝቶህ ያውቃል?»

«አያውቅም። ጓደኛው ንጉሴ ግን ደንበኛዬ ነው። አገር ቤት ከመሄዱ በፊት አዲስ ወሰደ። የጨረሰውንማ ባዶውን ተለምኜ ሰጠሁ አለኝ።»

«ባዶ ብልቃጥ ማን ይለምናል?»

ኖህ ከሌላ አገር እንደመጣ ሰው አየኝ። «ባዶውን ነው እንጂ የሚለምኑት! አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ ጥብቅ። አገር ቤት መድኃኒት የሚልክ ሁሉ የፋርማሲውን ዕቃ ጥሎ እዚህ ውስጥ ይገለብጣል። ኪሎ ነዋ ጉዳዩ!»

እኔ ራሴ ባለፈው መስከረም የእናቴን የደም ግፊት መድኃኒት በለውዝ ቅቤ ዕቃ ሞልቼ ልኬአለሁ። ከካውንቲው ፖሊስ ሁሉ ይህን ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ። «በእጄ ቆጥሬ ያሸግኩት» ሲሉኝ፣ በምን እንዳሸጉት መጠየቅ ማንን ገደለ?

ከሱቁ ደጅ ሆኜ ለንጉሴ ደወልኩለት። አዲስ አበባ አመሻሽ ላይ ነው። ስለ ይገዙ ምንም አልሰማም ነበርና ስነግረው ጮኸ። እስኪረጋጋ ጠበቅኩት።

«ስንት ጎፈር ይዘህ ነበር?»

«ሁለት። አንዱ የራሴ ነው፣ ከፍቼ ሁለት ቀን ወስጄበታለሁ። አንዱ እትዬ ልሳነ የእናታቸውን መድኃኒት የሞሉበት፤ ባዶውን እኔ ነኝ የሰጠኋቸው።»

«ኤርፖርት ምን ተፈጠረ?»

«ኦቨርዌይት። ሚዛኑ ላይ ያለችው ልጅ ሁለት ኪሎ አውጣ አለችኝ። ሻንጣውን መሬት ላይ ከፈትኩ፣ ከኋላዬ ሰልፉ ያጉረመርማል። ጫማ አወጣሁ፣ ሻምፖ አወጣሁ፣ የራሴን ጎፈር አወጣሁና ሁሉንም ለይገዙ አስታቀፍኩት። ‹ይሄን ሞክረው፣ ድካሙን ያስለቅቅሃል› አልኩት።»

«የራስህ መሆኑን በምን ዐወቅህ?»

«ያው አንበሳው…» ብሎ ጀመረና አቆመ።

«ከላይ ያገኘሁትን ነው ያነሳሁት» አለ በመጨረሻ። «አምላኬ ሆይ፣ ወንድሜ፣ ከላይ ያገኘሁትን ነው።»

የቀረውን ራሴ ገጣጠምኩት። ሰኞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከዋዜማው ጀምሮ ባዶ የሆነ ሆድ፣ ሌብሉ እንዳዘዘው አራት ፍሬ በውሃ፣ ከዚያ ስፖርት። እናታቸው በቀን አንድ ነው የሚወስዱት፣ ያውም የስኳር ሕመምተኛ ሆነው። ይህን ሳስብ ግን ሌላ ነገር ጭንቅላቴን መታኝ። የንጉሴ ጎፈር በማን እጅ ነው ያለው? አዲስ አበባ ያሉ አሮጊት ለስኳራቸው ብለው እሱን እየዋጡ ከሆነ ስምንት ቀን ያለ መድኃኒት ቆይተዋል ማለት ነው። ፔትዎርዝ እስክደርስ እንዴት እንደነዳሁ አትጠይቁኝ።

«እትዬ ልሳነ፣ መድኃኒቱን በምን ነበር የላኩት?»

«በብልቃጥ ነዋ። አንበሳ ያለበት፣ ንጉሴ የሰጠኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅኸኝም! ደግሞ ይሄ ምኑ ይነገራል? ሰው ሁሉ የሚያደርገው አይደል?»

ልክ ነበሩ፤ አልጠየቅኩም። «እናትዎን በቪዲዮ ይደውሉልኝ፣ አሁኑኑ» አልኳቸው።

እናታቸው ስልኩን አንሥተው ግንባራቸውን ብቻ አሳዩን። ልሳነወርቅ ብልቃጡን እንዲያመጡ፣ ከፍተው እንዲያሳዩ ለመኗቸው። ስክሪኑ ላይ ቡናማ ካፕሱሎች ታዩ።

«እማዬ፣ ከዚህ ስንት ዋጥሽ?» አሉ ልሳነወርቅ ስልኩን ወደ ፊታቸው አስጠግተው።

«ከዚህ? አንድም። ስከፍተው አብሽ አብሽ ሸተተኝ። እኔ ስንት ዘመን የፈጨሁትን አብሽ ከአሜሪካ ተልኮልኝ ልዋጥ? የድሮው ሲያልቅብኝ ያንን ነጩን እዚሁ ፋርማሲ ገዛሁ።»

«ታዲያ ደርሶኛል ያልሽኝ!»

«ደርሶኛል እኮ። ለፍተሽ ልከሽ አልሆነኝም ልበልሽ? እንዳይከፋሽ ብዬ ነው። ይገዙ ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣ እማዬ። ሥራ በዝቶበት ነው።»

ስልኩ ሲዘጋ ልሳነወርቅ የሕፃናቱ ምንጣፍ ላይ ቁጭ አሉ። ማስረዳት አላስፈለገኝም። ካፕሱሎቹን ሲያዩ ሁሉም ገብቷቸዋል።

«እኔ ነኝ» አሉ። «እሷ ሰርቃ እንዳታስቀር ብዬ ነው እኮ አንድ በአንድ የቆጠርኩት። በገዛ እጄ…»

«ማንም ሆን ብሎ ያደረገው ነገር የለም፣ እትዬ።»

«ስሟን ግን ሆን ብዬ ነው ያጠፋሁት። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሳይቀር አውርቼአለሁ።»

ካፖርታቸውን አቀብዬ፣ ሕፃናቱን የሚይዝ ሰው እስኪመጣ ጠብቄ፣ ወደ ሆስፒታል ይዣቸው ሄድኩ። መንገድ ላይ አለቃዬ ዘንድ ደወልኩ።

«ወንጀለኛው ማነው?» አለ።

«የለም።»

«እንዴት የለም?»

«የለም ማለት የለም። በሩ ላይ ያቆምከውን ፖሊስ አንሣልኝ።» ወንጀለኛ በማጣቴ እንዲህ የተደሰትኩበት ቀን የለም። ሣቄ ሲያመልጠኝ ልሳነወርቅ ከጎኔ ሆነው በትዝብት አዩኝ፤ ከዚያ እሳቸውም እያለቀሱ ሣቁ።

ስንደርስ ይገዙ ነቅቶ ነበር። ስኳሩ ከጠዋት ጀምሮ አልወረደም። ብልቃጡን የት እንዳኖረው ጠየቅኩት፤ ዓይኑን ወደ ጣሪያው ሰቅሎ «ጂም፣ ሎከር ውስጥ» አለኝ። በኋላ ሰው ልኬ ሳስመጣው መቶ ሰባ ስድስት ነጫጭ ክኒኖች ተገኙበት። ሐሴት አንዱን እያገላበጠች «ላክቶስ አለበት፣ የወተት ስኳር» አለችኝ፤ እንዳልነግረው አስምላኛለች።

ብሩክታይት ፖሊሱ ከበሩ ሲነሣ አላመነችም። ሁለት ጊዜ «ልግባ?» አለችኝ። ገብታ የባሏን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ልሳነወርቅ የበሩ ደፍ ላይ ቀሩ።

«ብሩክቲ» አሉ። «አይግቡ ብትዪኝም እሺ ነው።»

ብሩክታይት ዞር ሳትል «ይግቡ፣ እትዬ» አለች። «ላነጋግርዎ ግን ዛሬ አልችልም። እዚያ ወንበር አለ፣ ይቀመጡ።» ልሳነወርቅ ገብተው ተቀመጡ። የዚያን ቀን ከዚህ በላይ መጠየቅ ነውር ነበር።

ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች። «ይገዙ፣ ሚስትህ ፋርማሲ ነው የምትሠራው። ሳትጠይቀኝ ለምን ዋጥክ?»

«አፈርኩ» አለ ይገዙ። ድምፁ የሻከረ ነው። «ስምንት ዓመት ሙሉ ቪዛ ጠብቀሽ መጣሽ። መጥተሽ ያገኘሽው ምንድነው? ቀን ቫን የሚነዳ፣ ማታ ዕቃ የሚያደርስ፣ ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ የሚያንኮራፋ ሰው። ሁለት ዓመት ሆነሽ። አንድ ነገር ቢጎድለኝ ነው ብዬ…»

ጨዋ ሰው እዚህ ላይ ይወጣል። እኔ ግን እግሬ እንቢ አለኝ።

«ጎድሎህ ነው» አለች ብሩክታይት። እንባዋ ይወርዳል፣ ፊቷ ግን ይስቃል። «እንቅልፍ ነው የጎደለህ። እሱን በብልቃጥ የሚሸጥ የለም።»

ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የእሱን ስልክ አነሣች፤ አውራ ጣቱን ይዛ አስከፈተችውና የማታ ሥራውን አለቃ ቁጥር ፈልጋ ደወለች። ይገዙ ሊቃወም አፉን ከፈተ፤ ዓይኗን ሲያይ መልሶ ዘጋው።

«ሄሎ። የይገዙ ባለቤት ነኝ» አለች። «የማታውን ሥራ ከዛሬ ጀምሮ ትቷል… አይ፣ ሌላ ሥራ አላገኘም። ሊተኛ ነው።»